ልክ

ከባሕሩ አጠገብ፣ በአኮ ወህኒ ቤት፣
መስፊያዬ ቆማለች በጠባቂው ክፍል ፊት።
ማክሰኞ ማለዳ ቁልፍ እተክላለሁ፤
የእንግሊዙን ኮት ጫፍ በጥርሴ እይዛለሁ።
ይሄ ቁልፍ የኮት ነው፤ በሩ የራሱ አለው፣
ሆን ተብሎ እንዲጮህ ዘይት የተነፈገው።

ተማሪ ሲመጣ፣ አውቶቡሱ ሲቆም፣
ዘመን ወደ ኋላ ሰማንያ ዓመት ሊያዘግም፣
ካኪው ለወታደር፣ ቀዩ ለሚሰቀል፣
ከመንጠቆዬ ላይ እንደ ዕጣ ሲታደል፣
ለልጄ ለአስረስ ደረሰው የበረኛ ድርሻ፤
ቁልፍ የሚያንቃጭል፣ አንዲት ቃል የማይሻ።

ሞት የተፈረደበትን ዐመፀኛ ልሁን ብሎ ጠይቆ ነበር።
ኦርናት፣ አስተባባሪዋ፣ ደግ ሴት ናት፤
ዓይኗን ከወረቀቷ ሳታነሣ፣
«በዚያ ዘመን እዚህ እንደ አንተ ያለ እስረኛ አልነበረም፤
ታሪኩ እንዳይዛባ ብለን ነው እንጂ…» አለችው።
«ልክ ናት» አልኩ። በልክ ነውና የምሰፋ።
እሱ የቁልፉን ዘለላ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ።

ቁልፍ የምገዛው ከሙኒብ ነው፣ ከአሮጌው ገበያ፣
ከዓሣ ሻጮቹ ጀርባ።
ነሐሱን በመዳፉ እየቆጠረ፣
«የአያቴም ወንድም እዚያው ግንብ ውስጥ ነበረ፤
በሌላኛው ዐመፅ፣ ከእነዚህኞቹ በፊት።
የእሱስ ቀን መቼ ነው? ሐሙስ ነው ወይስ ዓርብ?»
ብሎ ሳቀ። ከሒሳቡም ቀነሰልኝ።
መልስ ሳልሰጠው፣ መልሴንም ሳልቀበል ወጣሁ።

የእኔም ወንድም ታስሮ ነበር። ጎንደር፣ በደርግ ጊዜ።
ጥፋቱ ሃያ ሁለት ፊደል ነው፤
አሌፍ ቤትን ለልጆች በጓሮ አስቆጠረ።
ሲወጣ የግራ እጁ ጣቶች አልታጠፍ አሉ፤
የካቴናው ጠባሳ አንጓው ላይ ቀረ።
ለዚያ ትርኢት የለውም፣ ትኬት አይቆረጥም፤
የዚያን ቀን ልብስ ስፊ ያለኝ ሰው የለም።

አንድ ማክሰኞ ግን ዮታም ከሞተር ወደቀ፤
አርባ ልጅ በሩ ላይ፣ ሰዓቱም ዐለቀ።
ኦርናት ቀዩን ልብስ ዘረጋችው ለእኔ፤
«ለአስረስ ይሆነዋል?» ለካሁት በዓይኔ።
እጅጌው አጠረ። ትከሻው ጠበበ።
ብብቱ ሥር ስፌቱ ክር በክር ተሳበ።
«ልክ አይደለም» አልኩኝ፤ «ይሁን» ብሎ ገባ።
የቱን እንዳልኩ ግን ለራሴም አልገባኝም።

ገመዱ ሥር ቆመ።
ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ቃሉ ጠፋው።
ስላቫ፣ እንግሊዙን የሚሠራው፣ ጉሮሮውን ጠረገ፤
ኦርናት ከጥግ ሆና በከንፈሯ ልታቀብለው ሞከረች።
ዝምታው ረዘመ፤ ባሕሩ ከግንቡ ውጭ ይሰማ ጀመር።
ከኋላ ረድፍ አንዲት ልጅ፣ ሹሩባዋ በቀይ ጎማ የታሰረ፣
ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች።
ያኔ አስረስ ያንን አጭር እጅጌ
ሳብ አደረገው፣ ወደ አንጓው፣ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ደግሞ።

ወንድሜ እንግዳ ቤት ሲገባ የሚስበው አሳሳብ ነው።
ማንም አላስጠናውም ያንን።
መርፌው ጣቴን ሲወጋኝ ነው መስፋት እንዳላቆምኩ ያወቅሁት።

አስተማሪው አጨበጨበ፣ ልጆቹ ተከተሉ፣
ሻንጣቸውን አዝለው አይስክሬም ፍለጋ ወረዱ።
ኦርናት ምንም አላለች። ልብሱን ስታቀብለኝ
ሁለት እጇን ነው የዘረጋችው፣ እንደ ሕፃን አድርጋ።

ማታ ስፌቱን ፈታሁት።
ከውስጥ የታጠፈው ጨርቅ ፀሐይ ስላላየው
ከውጩ ይልቅ ቀልቷል፤
በእጅጌው ዙሪያ እንደ አዲስ ቀለበት ይታያል።
ዮታም ድኖ ሲመለስ ይሰፋዋል። ይስፋው።

ካኪው ኮት ደግሞ አንድ ቁልፍ ጎድሎበታል፤
ነገ ሙኒብ ዘንድ እሄዳለሁ።
የእኔ መልስ እሱ ጋ ነው፤ የእሱም እኔ ጋ።