ሞክሼ

ሙሐረቅ፣ በሐምሌ፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
ከማዋለጃው ፎቅ፣ ከመዝገቡ መስኮት
አንድ ቀይ ሰው ቆሟል፣ ጢሙ ዝገት መስሎ፣
የልጁን ስም ይዞ፣ ከንፈሩ ላይ አንጠልጥሎ።

“ጎርምላ” ይላል። ጸሐፊው አልሰማም።
“ጁርማ?” “አይ።” “ቁርሙላ?” “አይደለም፣ አይደለም።”
በዐረብኛ ፊደል “ጎ” ቤት የላትምና
“ጀ” ደጅ፣ “ቀ” ደጅ ዞረች፣ ደጅ ስትጠና።
እኔ መወልወያዬን ግድግዳ አስደግፌ
በእርጥቡ መዳፌ ጻፍኳት በጣት ጫፌ፤
አራት ፊደል ብቻ። ተመቸች ለአፌ።

“ስምን መልአክ ያወጣዋል” ይባላል ባገሬ፤
የኔን ግን ደላላ አወጣው፣ በገዛ ብሬ።
ደረቴ ላይ “ዛህራ” በባጅ ተለጥፋለች፤
ዘውድነሽ ከሥሯ፣ ላብ ለላብ ትኖራለች።

ልጅቷ ውስጥ ናት፣ በመስታወት ሣጥን፣
ቢጫነቷ እንዲለቅ ሰማያዊ ብርሃን
አልብሰዋት፣ ዓይኗን በጨርቅ ጋርደው።
አባቷ አወጋኝ፣ ግማሹን በእጁ፣
ግማሹን በስብርባሪ ዐረብኛ፣ ስለ ልጁ፤
ስለ ልጁም አይደል፣ ስለ ጥንት ሞክሼዋ፦
አገሯ አየርላንድ፣ ሺህ ዓመት ነው ዕድሜዋ።
የንጉሥ ልጅ ነበረች፣ ለሦስት ነገሥታት ተድራ
ሦስቱንም የቀበረች፣ ከል ለብሳ በየተራ።
መነኮሳት ጻፏት፤ ብራናው ግን አልተስማማ፣
አንዱ ጋ ባለቅኔ፣ አንዱ ጋ እሳት ጫሪ ጠማማ።
ምናልባት አንድ ሴት ናት፤ ምናልባት ሦስት ናቸው፣
ስሙ አንድ ሆነና ዘመን አዋሐዳቸው።
በስተርጅናዋ ግን፣ ሲል ድምፁ ወረደ፣
በየደጁ ለመነች፣ ቀሚሷ እየተቀደደ።

“ታዲያ ለምን” አልኩት “ይህን ዕጣ ለሕፃን?”
“ያያቴ እናት ስም ነው።” ሳቀ። ዝም አልን።

“ጎርም ሰማያዊ ነው፤ ላ ማለት ንግሥና”
አለ፤ አንገቱን ደፋ፣ ጆሮው ቀላና፦
“ባያቶቼ ቋንቋ እንዳንቺ ያለ ሰው
ጥቁር አይባልም። ሰማያዊ ነው።
‘ጥቁሩ ሰው’ ያልን እንደሁ ሰይጣንን ነው።”
ሳቄ አመለጠኝ፤ ኮሪደሩ መለሰው።

እጄን አገላብጬ አየሁት፤ በረኪና ልጦታል።
ዐረብኛዬ አጠረኝ እንጂ ልነግረው ነበር፤
በኔም ቋንቋ ቃሉ ከቀለም ያልፋል፤
የሰማይ የሆነው ሁሉ በሱ ይጠራል።

ሊነጋ ሲል መዝገቡ “ጁርማላ” አለና ተዘጋ።
አባትየው ፈረመ። ምን ያድርግ። ነጋ።

የጽዳቱ ወረቀት በሩ ላይ ተሰቅሏል፤
በየሰዓቱ ዛህራ፣ ዛህራ፣ ዛህራ ይላል።
በመጨረሻው መስመር አምስት ፊደል ጻፍኩበት።
ተቆጣጣሪው መጣ፤ መነጽሩን አቀና፤
“ይህቺ ደግሞ ማን ናት?”
“ሞክሼ” አልኩት።
“የማን?”
በመወልወያዬ እጀታ መስታወቱን አሳየሁት።