ቀጭ

ባጃጄን ሸጬ ነው ይህን የገዛሁት፣
ሦስት እግር ሰጥቼ አንድ ዓይን ያመጣሁት።
ፒያሳ ላይ ወሬው ባንድ ቀን ተዳርሶ፣
«ይማም ለየለት» አሉ፣ «ጥሪቱን ጨርሶ።»

ሲከብድ የወፍጮ መጅ፤ ሠርግ ውዬ ስመጣ
አንገቴ ሁለት ቀን ከትከሻዬ አይወጣ።

ግን ሲያይስ! ሲያይ ያያል። ሆጤ ሠርግ ቤት ገብቼ
መብራት ድርግም ሲል፣ ሻማ ብቻ አግኝቼ፣
የሙሽሪትን እጅ፣ የሂናዋን ሐረግ ከጫፉ እስከ ሥሩ
ለቀመው ነጥብ በነጥብ፤ አልቀረም አንድ ክሩ።
የጦሳን ጉም ደግሞ ደሴ ያደገ ያውቀዋል፣
ከሰዓት በኋላ ወርዶ ከተማ ይውጣል፤
የእኔው ግን ጉሙን ፈትሎ ክር ከክር ይለያል፣
አዝዋ ገደል አፋፍ የቆመች ፍየል ያያል።

ባንድ ሰኮንድ ሃያ! አቤት የእጁ ፍጥነት፤
ግን ለሦስት በአራት፣ ለመታወቂያ ፊት፣
ለማይነቃነቅ፣ ትንፋሹን ለዋጠ፣
ሃያ ምን ይረባል ሰው አንዴ ከተቀመጠ?

ፋይሉን ስከፍተው ኮምፒውተሬ አቃስቶ፣
ሲሚንቶ እንደጫነ ሲኖትራክ ተጎትቶ፣
ሐረጎ ዳገት ላይ እንደሚቀር ሁሉ
ይቆማል መሐል ላይ፤ ይግላል አካሉ።
ባትሪው ብርድ ይፈራል፤ ያውም ደሴ ኖሮ!
በብብቴ አሞቀዋለሁ፣ እንደ ጫጩት፣ ዘንድሮ።
ሠላሳ ቋንቋ ያውቃል ማውጫው ሲዘረዘር፤
አማርኛ ግን የለም፤ ይማራል ሲኖር ሲኖር።
አቧራ ገባውና ጠጋኝ አጣሁለት፤
አዲስ አበባ ሄዶ ሁለት ወር ተኛበት፤
ሲመለስ ሂሳቡ ከእሱ ቀድሞ ደረሰ፤
ሚስቴ አሚናት ሰምታ እንባዋ ፈሰሰ።

ደግሞ ሐቁ በዛ። የፊት ቀዳዳ ይቆጥራል፣
ያልተኙትን ሌሊት ከዓይን ሥር ያነባል።
ሙሽሪት አይታው «ይህች ማናት?» አለች፤
«አንቺ ነሽ» ብላት ጊዜ ሳትከፍለኝ ሄደች።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ እትዬ ጦይባ መጡ፣
በልጅ ልጃቸው ትከሻ ተመርተው ተቀመጡ።
ዓይናቸው ከተከደነ አርባ ዓመት አልፎታል፤
ለቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ያስፈልጋል።

ካሜራዬ የሰው ዓይን ፈልጎ ይይዛል፤
አረንጓዴ ሳጥን ብሌን ላይ ይተክላል።
ይህ ነው ትልቅ ሙያው፣ ዋጋውን ያናረው፤
እሳቸው ፊት ሲደርስ ግራ ገባው፣ ቸገረው።
ሳጥኑ ተንከራተተ፤ ግንባር ላይ፣ ሻሽ ላይ፣
እንደ ዝንብ አረፈና ተነሣ ጉንጭ ላይ፤
በመጨረሻ ዘሎ ከመጋረጃው በላይ ወጣ፣
የሟች አባቴን ዓይን ከግድግዳው ይዞልኝ መጣ።

አጥፍቼው ሙያውን፣ በእጄ እንደ ድሮ
ቀለበቱን አዞርኩ፤ ዓይኔ ክር ቆጥሮ፣
የሻሹ ጥለት ሲጠራ፣ ሽብሽባቸው ሲሰላ፣
ተጫንኩት። ዝም አለ። ደገምኩበት ሌላ።
ስምንት ጊዜ አነሣሁ። እትዬ አገጫቸው ቀና፣
ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ ገና።

«ልጄ፣ መቼ ነው ታዲያ የምታነሣኝ?» አሉ።
«ጨረስኩ እኮ፣ እትዬ፤ አለቀ በሙሉ።»
«አልሰማሁትም እኔ። የአባትህ መሣሪያ
ቀጭ! ይል ነበረ፤ አውቅ ነበር በዚያ፤
‹አሁን ተነሣሁ› ብዬ ትንፋሼን እለቅ ነበር፤
ያንተው ግን ሌባ ነው፤ ይወስዳል ሳይናገር።»

ይህን ዝምታውን ነበር ከሁሉ ያስበለጥኩት፤
ለኒካህ፣ ለተክሊል፣ ለለቅሶ ቤት ያልኩት።

ማውጫው ውስጥ ገባሁ፤ ከሠላሳው ቋንቋ መሀል
ድምፅ የሚመልሰውን ፈለግኩ፤ ጊዜ ወስዷል።
ድምፁ እንኳ የውሸት ነው፣ ተቀድቶ የተጫነ፤
ይሁን። «ይዘጋጁ፣ እትዬ።» ክፍሉ ጭር ሆነ።

ቀጭ።
          ትንፋሻቸው ወጣ።
ትከሻቸው ወረደ፤ ጥርሳቸው ብቅ ብሎ መጣ።

«ጥርስ አይፈቀድም» ብሎ ቀበሌው መለሰ፤
ከዝምተኞቹ ስምንት አንዱ ሄደ፣ ደረሰ።
ዘጠነኛዋ እኔ ጋ፣ ከአባቴ ጎን ናት ገና፤
ባጃጄን የገዛው ልጅ ትናንት አይቷት ቆመና
«ዋጋው ስንት ይሆን?» አለኝ። ጉሙ በር ላይ ደርሷል፤
አልመለስኩለትም። ባትሪው በብብቴ
ገና ሙቀት ይሻል።