የተለጠፈና ያልተለጠፈ

ጋሽ አንማው ደወለ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፤
«ባጃጅህን ይዘህ ና፣ አለችኝ ትንሽ ጭነት።»
ሄድኩ። ጎንበስ ብሎ ከአልጋው ሥር አወጣ
በማዳበሪያ ተጠቅልሎ አቧራ የጠጣ፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት ፀሐይ ያልነካው
የደንገል ባንድን ፖስተር፤
ቀዩ ቀለም ትናንት የደረቀ ነው የሚመስለው።

«ስንት ቀረህ?»
«ዐሥራ አንድ» አለኝ ሳይቆጥር።
«አንዱ ዐሥራ ሁለት ሺህ፣ ከነፊርማዬ፤
ገዢው ሆቴል አርፏል፣ ከሐይቁ ዳር።»

ዐሥራ ሁለት ሺህ!
ያኔ መግቢያው ራሱ ሁለት ብር ነበር፤
ሁለት ብር ያጣ፣ በጨርቃ ጨርቅ ክበብ አጥር
ተንጠልጥሎ ነው ትርንጎ ስትዘፍን የሰማ።

እኔ ለጣፊ ነበርኩ። ዐሥራ ሦስት ዓመቴ።
ባልዲ በግራ እጄ፣ መጥረጊያ በቀኜ፣
ከፋሲሎ ሰፈር እስከ ዓባይ ድልድይ ግንብ ያልቀረኝ፣
«በአንዱ ዐሥር ሳንቲም» ብሎ ጋሽ አንማው የቀጠረኝ።
(ሳንቲሙን እስከ ዛሬ አልሰጠኝም።)

ታንኳ መቆሚያው ላይ፣ ሽንኩርት ተራው ላይ፣
ከወፍጮ ቤቱ በር፣ ከጠጅ ቤቱ በላይ
ጠዋት ለጥፌ፣ ማታ በዚያው ስመለስ
ፍየሏ ቀድማኛለች፤
የወይዘሮ ጥሩአየር ፍየል፣ ያቺ ባለ ነጭ ግንባር፣
የዱቄት ሙጫዬ ጥሟት ግንቡን ስትልስ
ከትርንጎ ፊት የቀረው አገጯ ብቻ ነበር።

በነጋታው ዝናብ።
በሳምንቱ የመሠረተ ትምህርት ፈተና ከዓይኗ ላይ፣
ከዚያ የኩፍኝ ክትባት፣ ከዚያ የስኳር ወረፋ።
ፖስተር እንዲህ ነው የሚሞት፤
ሥራውን ሠርቶ፣ በአደባባይ።

በዘንባባው ጥላ ባጃጁን እየነዳሁ
ለጋሽ አንማው ይህን ጮክ ብዬ አሰላሁ፦
ሃያ ስምንቱን እኔ አሰጣሁ
ለፍየል፣ ለዝናብ፣ ለሰው ዓይን፣ ለፀሐይ፤
ሃያ ስምንቱ አዳራሹን ሞሉት፣ ሰው በሰው ላይ።
ዐሥራ አንዱ ከአልጋ ሥር ተኝተው ከረሙ፣
አንድ ሰው ሳይጠሩ፣ አንድ ቀን ሳይቆሙ።
እና ምን ሆነ?
የሠሩት የፍየል ፈርስ ሆነው ቀሩ፣
የተኙት ከበሩ።

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው።
«እኔም ተኝቻለሁ» አለ፣ «ማን ገዛኝ ታዲያ?
ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፣ ቀይና ቡናማ አልለይም፤
ይቺ ለሐኪም ናት።» ከዚያ ወዲያ አልተናገርኩም።

ገዢው ልጅ ነው፣ ያኔ ያልተወለደ።
ጓንት አጥልቆ ዘረጋው፣ አጎንብሶ ጠርዙን አየ፣ ጀርባውን አየ፤
«ተለጥፎ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀ።
«በጭራሽ!» አለ ጋሽ አንማው፣ ደረቱን ነፍቶ በኩራት።
ያቺን ቃል የእኔ ጆሮ እንደ ስድብ ሰማት።

ስንመለስ፣ ብሩ በጉያው፣ ጣቱን ሲያጥፍ ቆይቶ፣
«አርባ ነበር ያተምኩት» አለኝ።
«ሃያ ስምንት አልክ። ዐሥራ አንድ ሸጥኩ።
አንዷስ?»

ዝም አልኩ። ባጃጁን ወደ ሽምብጥ አዞርኩ።

እናቴ በተወችልኝ ቤት፣ ከጓዳው ጭቃ ግድግዳ፣
ትርንጎ አለች። ጭስ አጥቁሯታል።
ጸጉሯ ላይ የወንፊት ሚስማር፣
ጉንጯ ላይ በከሰል የተጫረ የወተት ዕዳ፣
አራት ጭረት።

ጋሽ አንማው ተጠጋ፣ አፍንጫው ወረቀቱን እስኪነካ።
ጥጓን በጥፍሩ ፋቀ። ጭቃ ረገፈ፤ እሷ አልተነሣችም።
«ሙጫህ ምን ነበር?»
«የእናቴ ስንዴ።»
ደግሞ ፋቀ። ደግሞ ተወው።
«ከነግድግዳው ካልሆነ አትወጣም» አለኝ።
«ጥሩ ለጥፈሃል።»

ያቺ ናት ደመወዜ።

ማታ ከጣና ነፋስ ሲነሣ
የፋቃት ጥግ ቀሽ ቀሽ እያለች እንቅልፍ ነሳችኝ።
ተነሣሁ። እፍኝ ዱቄት በጥብጬ
በመዳፌ መልሼ ለጠፍኳት፤ እስኪይዝላት ይዣት ቆምኩ።

ከጎረቤት ግቢ
ፍየል ስትነቃ ሰማሁ።