ሲረጥብ የሚታይ

መምህራችን ቶርግሪም የመመረቂያውን ሥራ ሲሰጥ፣
«ከተማችሁን» አለ፣ «በፖስትካርድ ልክ፣ ከመዳፍ ሳይበልጥ፤
ግን የተላከለት ሰው፣
አይቶ ብቻ እንዳያስቀምጠው፤
ትንሽ ጎዶሎ ይኑረው፣ በገዛ እጁ ይጨርሰው።»

ሄርብራንድ የወረቀት ባቡር ሠራ፤ ክሩን ሲስቡት
ተራራውን የሚወጣ፣ ቁልቁል የሚንሸራተት ሲለቁት።
ራንዲ መስኮት ቀደደች በወደቡ የእንጨት ቤት ላይ፣
ሲከፍቱት ድመት፣ ሲዘጉት መጋረጃ የሚታይ።
እኔ ግን ሁለት ሳምንት ባዶ ካርድ ላይ አፍጥጬ፣
ሻይዬን አቀዝቅዤ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ፣
ዝናቡን ስሰድብ ከረምኩ።

የበርገን ዝናብ ስድብ አይሰማም፤ ይዘንባል።
ጠዋት ካፊያ፣ ቀትር ላይ ዶፍ፣
ማታ ደግሞ ጭጋግ ይሆንና አንገትጌ ሥር ይገባል።

አንድ ቀን በጣቢያው ኪዮስክ፣ የፖስትካርዱን መደርደሪያ
ባዞረው ባዞረው፣ ደመና የለም፣ ለመድኃኒት ያህል ለማሳያ።
ሰባቱም ተራሮች ደርቀው፣ ባሕሩ ከሰማይ ታርቆ፣
ከተማዬ ፎቶ ይነሳል፣ የውሰት ሱፉን አጥልቆ።
«ደህና ነን» ብለን ጽፈን፣ ለየዘመዱ የምንልከው፣
ለካ እኛው ራሳችን እምብዛም የማናውቀውን ሰማይ ነው።

ያን ማታ ቀለም በጠበጥኩ፤ ሲደርቅ የሚጋርድ፣ ነጭ፣
ውሃ ሲያገኝ የሚሳሳ፣ የደበቀውን የሚያወጣ ወደ ውጭ።
ከሥሩ ተራራ አላተምኩም።
የሰፈሬን ቱቦ፣ አፉ በቅጠል የተጠቀጠቀ፣
ገንዳ ውስጥ የተጣለ ጃንጥላ፣ የጎድን አጥንቱ የወለቀ፣
የጎረቤቴን ቦት ጫማ፣ ደረጃው ላይ ተደፍቶ የሚንጠባጠብ፣
አውቶቡስ የረጨው ውሃ፣ የሕፃን ጋሪ ሲያረጥብ።
ጀርባው ላይ አንድ መስመር፤ «ዝናብ ላይ ያዙት» ብቻ።
ስድሳውን በየደጁ ከተትኩ፣ በማላውቃቸው ሰዎች የደብዳቤ መክተቻ።

በማግስቱ ዝናቡ ቆመ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ጠብ ሳይል! ሰዉ ሣር ላይ ተዘርግቶ፣
ቋሊማ ጠብሶ፣ ሸሚዝ አውልቆ፣ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፤
እኔ ብቻ፣ ዘሩን በትኖ እንደ ጨረሰ ገበሬ፣
ሽቅብ ሳንጋጥጥ ሰነበትኩ፣ ዛሬ ነው ስል፣ ደግሞ ዛሬ።

መልስ መምጣት ጀመረ። አንዷ «ቀለምሽ አልቆ ነበር ወይ?» ብላ ጻፈች።
አንዱ ልሶት፣ «ኖራ ኖራ ይላል» አለ።
አንድ ሕፃን ቧንቧ ሥር አሳድሮት፣ እናቱ ገንፎውን በፖስታ ላከች።

ያልተገላበጠ ያራል ይባላል። ኦድቫር፣ የድሮው የመርከብ መካኒክ፣
ካርዱን አልገለበጠም፤ ግን አላረረም።
ባዶ መስሎት፣ እርሳሱን ቀርጾ፣ የተወለደበትን ቤት ሣለበት፤
መንገድ ሊያልፍ የፈረሰውን፣ በሩ ዝቅ ብሎ
አባቱ ሁሌ ግንባሩን የሚመታበት።
ሥሎ መልሶ ላከልኝ። ላርጥበው ብዬ ፈራሁ፤
ውሃ ከነካው የእኔ ቱቦ በእሱ ሳሎን ውስጥ ያልፋል።
እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ደረቅ።

ጉንቮርን ሳልነግራችሁ። ዓሣ ሻጭ ናት። ካርዷን ከሚዛኑ በላይ
በመርፌ ሰክታዋለች። ልገዛ ገብቼ ሳይ፣
ተንጋዶባት ኖሮ፣ ከበረዶው ባወጣችው እጅ ቀና አደረገችው።
ከነጩ ሥር፣ በጣቶቿ ልክ፣ ከተማ ብቅ አለ፤
በአውራ ጣቷ ግማሽ ጃንጥላ፣ በትንሿ የጋሪ ጎማ፣
በመዳፏ ቱቦው ከነቅጠሉ።
እኔ ያልሣልኩት ቅርጽ ነው። ስሜን የቱ ጋ እንደምጽፍ
ግራ ገባኝ።

እሷ አላየችውም፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቢላዋ ትስላለች።
ከዳር ከዳር ነጣ፣ ጣት በጣት ጠፋ፤
መጨረሻ የቀረው የቦት ጫማው አፍንጫ ነበር።
«ሦስት መቶ ግራም ነው ያልሽኝ?» አለች።