ቆይ እንጂ

ዘጠነኛ «ለ» ነን፣ ሰባ አንድ በቁጥር፣
አንድ ዴስክ ላይ አራት፣ በመርሳ ሐሩር።
በብረት ሣጥን ውስጥ፣ በሁለት ቁልፍ ታስራ፣
መጣች ፕላዝማችን፣ የሩቅ አገር ሥራ።
ጋሽ እሸቴ ቁልፉን ካንገቱ አውልቆ፣
ከፍቶ ቆመ ከጥግ፣ ከሰሌዳው ርቆ።
ሃያ ዓመት ያስተማረ፣ ጠመኔው በእጁ፣
እንግዳ መሰለ፣ በዚያ በገዛ ደጁ።

ሴትዮዋ ጀመረች፤ በእንግሊዝኛ ነው፤
አፏ የጊራና ጎርፍ፣ ማንም የማይገታው።
«ገባችሁ?» ትላለች፣ መልሳችንን ሳትሰማ፣
«ጎበዞች!» ትላለች፣ ደስ ብሏት በጨለማ።
«ሥሩት በየግላችሁ፣ ደቂቃ ሰጠኋችሁ» —
ጥያቄውን ሳንጽፍ፣ «ደግ ነው፣ ጨረሳችሁ!»

ያን ጊዜ ሉባባ፣ የበርበሬ ነጋዴዋ ልጅ፣
ጣቷን ወደ ስክሪኑ ቀስራ፦ «ቆይ እንጂ!
አንቺ ሴት፣ ቆይ እንጂ! ኤክሱ ከየት መጣ?»
ክፍሉ በሳቅ ፈርሶ ከወንበሩ ወጣ።
ሴትዮዋ አልቆየችም።
ጋሽ እሸቴ ከጥጉ፣ መልሱን ባፉ ይዞ፣
ቆሞ ነበር ብቻውን፣ እንደ እንጨት ደንዝዞ።

ግን መዋሸት አልችልም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣
የሽንኩርት ልጣጭ አየን፣ በስክሪኑ ስፋት፤
ጡብ በጡብ ተደርቦ፣ ከተማ አክሎ፣
በየክፍሉ ነጥብ፣ እንደ ዐይን ተተክሎ።
ማይክሮስኮፕ አልነበረን፤ መጽሐፉም ቢገኝ፣
ገጽ ሠላሳ አራት የለም፤ የቀደደው አይገኝ።
ያን ዕለት ዝም አለች፣ ሉባባም ሉባባ፤
ሽንኩርቱ ሳይከተፍ፣ ዐይኗን ሞላው እንባ።

ደግሞ በሌላ ቀን፣ መብራት ድርግም አለ፤
የሴትዮዋ ቃል ከአፏ ላይ ተንጠለጠለ።
መጋረጃው ተገፎ፣ ፀሐይ ገባ በመስኮት፣
ጋሽ እሸቴም ወጣ፣ ከጥጉ ከኖረበት።
እጇን አነሣች፣ እንደ ልማዷ፣ ሉባባ፦
«ዕዳ በዕዳ ሲባዛ ትርፍ ከሆነ፣
የእናቴ ትርፍ የት ገባ?»

ማንም አልሳቀም። እሱ ሰሌዳውን አየ፣
ጻፈ፣ ደመሰሰ፣ ዝም ብሎ ቆየ።
ዞሮም «አላውቅም» አለን። «ሕጉን እንጂ ምክንያቱን፣
ለኔም አልነገሩኝ። ነገ አመጣዋለሁ መልሱን።»

አላውቅም! በዚያ ክፍል ሰምተነው አናውቅም፤
ስክሪኑ ሁሉን ያውቃል፣ ነገን ግን አያውቅም።

በማግስቱ መጣ፣ ዐይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ፤
ከኪሱ የማሽላ ፍሬ ዴስኩ ላይ ዘርግቶ፣
«ሦስት ዕዳ ቢሰረዝላት፣ ለእናትሽ እንደ ትርፍ ነው፣
ይህን ያህል ገባላት፣ ቁጠሪው» አላት፤ ይኸው!
ሉባባ ቆጠረች፣
ደግማ ቆጠረችና፣
«ማን ይሰርዝላታል?» አለች።

ዛሬ ያ ክፍል የኔ ነው። የብረት ሣጥኑ አለ፣ እሷ የለችም፤
የት እንደ ሄደች ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።
አሥራ አንድ ታብሌት አለን፣ ስድሳ አራት ልጅ በወረፋ፤
ቀመር ፈልጉ ብዬ ዞር ስል፣ ኳስ ያያሉ በይፋ።
የቤት ሥራ ሳርም፣ በሃያ ሰባት ደብተር፣
ያንድ ሰው ስሕተት ነው፣ የተዘራ እንደ ምስር።

ሸምሲያ ግን አለች፣
በልጅነት ትኩሳት ጆሮዋ የተዘጋ፣
ፊቴን ወደ ሰሌዳ ሳዞር፣ ከንፈሬን ፍለጋ፣
አንገቷን የምታሰግግ፤
ዓመት ሙሉ፤ እኔ ሳላይ።
ጽሑፉ ከሥዕሉ ሥር ሲሮጥላት ታብሌቷ ላይ፣
አንገቷ አረፈ።
ለሷ ከኔ ይሻላል። ይህን ስጽፍ ያመኛል፤
እውነት ስለሆነ ግን፣ መጻፍ ይኖርብኛል።

ትናንት ከኋላ ወንበር፣ አንድ ልጅ ጠየቀኝ፤
ታብሌቱ ላይ ፈለግሁ፤ ኔትዎርኩ አስጠበቀኝ፤
ያቺ ክብ እየዞረች፣ እየዞረች፣ እየዞረች።
የስድሳ አራት ልጅ ዐይን፣ ከክቧ ወደኔ ዞረች።
ኪሴ ውስጥ ጠመኔ ፈለግሁ።
«ቆይ እንጂ» አልኩት፣
«አላውቅም።
ነገ።»