ማሙር

ጠባብ ክፍል አለኝ፣ ከዚራ ዛፎች ሥር፣
የጀሶ መንጋጋ ከመደርደሪያው ላይ አፉን ከፍቶ የሚያድር።
ሮብሌ እዚህ መጣ፣ በግንቦት ሙቀት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሐዲድ የጠገነ፣ አፉን በመሐረብ ጠቅልሎ እንደ ሀብት።

ዕጢው ሲቆረጥ ነው አብሮ የሄደበት
የቀኝ ላንቃው ሁሉ፣ አምስት ጥርሶቹ፣ ያፉ ጣሪያ ቤት።
ውሃ ሲጎነጭ ባፍንጫው ይወርዳል፤
ቃል ሲጀምር ደግሞ ትንፋሹ በቀዳው ሾልኮ ይሄድበታል።
«ባቡር» ሊል ይነሣል፣
«ማሙር» ይወጣዋል።
«ድሬ» ሊል «ንሬ» ነው። የገንደ ቆሬ ልጆች ይስቃሉ፤
እሱ ግን ይደግማል፣ ሦስቴ፣ እንደ ፊሽካ፣ እንዲሰማ ቃሉ።

ሐኪሟ ፊርደውስ ብሎን ተከለችለት፣
ሦስት በግራ በኩል፣ አጥንት በቀረበት።
በቀኝ ምንም የለም፤ ዋሻ ነው፣ ባዶ ቤት።
እኔም ሠራሁለት፣ ብረት አጋድሜ በሮዝ ፕላስቲክ፣
ዋሻውን የሚደፍን፣ ከነጥርሱ፣ በልክ።
ልክ ነው ብዬ ነበር።
ሲያኝክ ግን ይናጋል፤ ያፏጫል ሲናገር።

አራት ወር ቆየና
በመዳፉ ይዞት ተመልሶ መጣ፣ ብረቱ ተሰንጥቆ፣ ብሎኑ ላልቶ፣ ድዱ አብጦ እንደገና።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፤ ምስሉን አሳየሁት፦
ሲያኝክ የሚወርደው ጫና የት እንዳለ፣ የት እንደሚበዛበት።
የጨነቀው ቦታ ቀይ ሆኖ ይታያል፣
ቀጥሎ ቢጫ ነው፤ ሥራ የፈታ ጎን ሰማያዊ ይላል።
የመጨረሻው ብሎን፣ ከዋሻው አፋፍ ላይ፣
ፍም መስሎ ቀልቷል፤ የቀሩት ሁለቱ እንደ ኅዳር ሰማይ።

ዝም አለ ሮብሌ። መነጽሩን ጠርጎ፣
ጣቱን መስታወቱ ላይ፣ ቀዩ ላይ አድርጎ።
ከዚያ እርሳሴን አንሥቶ፣ ጀሶ በለበሰው ጠረጴዛዬ ላይ ይሥል ጀመረ፣
ሁለት ረጅም መስመር፤ ከሥሩ አግዳሚ ብረት፣ ትራቨርስ የሚለውን፣ እየደረደረ።
ቀጥሎ ደቻቱን። ጎርፉ በመጣ ሌሊት
ጠጠሩን ጠራርጎ፣ ሐዲዱን ባየር ላይ አንጠልጥሎ ያደረበት።
ከሥዕሉ በታች ጻፈ፣ በቀስታ፣ በትልልቅ ፊደል፦
«ባቡሩ አይደለም። ብቻውን የቀረ ትራቨርስ ነው፣ ልጄ፣ ሰው የሚገድል።
ጠንካራ ነው ብለው ለብቻው ይተዉታል፤
ቀድሞ የሚሰነጠቅ እሱ ይሆናል።»

ፊርደውስን ጠራሁ። ሦስታችን ሆንን፣ ከጠረጴዛው ጎንበስ፣
እሷ ስለ አጥንቱ፣ እኔ ስለ ብረቱ፣ እሱ ስለ ትራቨርስ።
«ከዋሻው ባሻገር» አለች «የጉንጭ አጥንት አለ፣ ጥቅጥቅ ያለ፤
ረጅም ብሎን ይይዛል።» ሮብሌ ሁለት እጁን አገናኝቶ አሳየን፤ ድልድይ መሆኑ ነው፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ ዐይኑ እየበራ፣ አፉ ዝም እንዳለ።

ሁለት ብሎን በቀኝ፣ ከጉንጩ ሥር ገባ።
ስድስት ወር ጠበቅን። ክረምቱ አለፈ፤ የከዚራም መንገድ በአበባ ተቀባ።
አዲሱን ከማሰሬ በፊት ምስሉን እንደገና አየን፤
ቀዩ አልጠፋም፣ እውነቱን ልናገር፤ ባምስቱ ተከፍሎ ብርቱካን መሰለን።
ቅር አለኝ። ሮብሌ ወረቀት አነሣ፦
«ቀይ ጭራሽ አይኑር ካልክ፣ ባቡሩም አይነሣ።»

ገጠምኩት። ብርጭቆ ውሃ ሰጠሁት፣ ጨለጠው፤
ባፍንጫው አንድ ጠብታ፣
እስኪ ጠብቅ አልኩኝ፣ አልወረደም፤ ዋጠው።
የመጀመሪያ ቃሉ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ጫት ይፈቀዳል ወይ?»
«በጭራሽ!» አለችው ፊርደውስ፣ ጣቷን ቀስራ። ሳቀ፣ በዚያ ሳቁ ጥርሶቼን ሳይ...
ጥርሶቹን ማለቴ ነው።

ወጣ። ከዛፎቹ ጥላ፣ ከባጃጆች መሐል፣
ልጆቹ አዩትና፣ እንደ ልማዳቸው፣ «ማሙር!» ሲሉት ከሩቅ ይሰማኛል።
ያ ስሙ ሆኗላ፤ ማን ያርመዋል ዛሬ?
ዞረ ሽማግሌው፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ባቡር ኩርባ ላይ፣ መሐረቡን ከኪሱ ሳያወጣ፣ ፀሐይ ላይ፣ ድሬ።
ከመስኮቴ ሆኜ፣ ጀሶ በእጄ እንዳለ፣ ከንፈሩ ሲገጥም፣ ሲላቀቅ አየሁት፤
ልጆቹም ዝም አሉ።
ጥርት አድርጎ መለሰ፦
«አቤት!»