ጎማ ሲተነፍስ

ኤሊሴዮ አለኝ፦ «አትቸኩዪ፣ ውረጂ፤
ከድንጋዩ በፊት ጎማውን አዋርጂ።»
ወረድሁ፣ ተንበረከክሁ፤ ክዳኑን ፈታሁት፣
የቫልቩን ምላስ በጥፍሬ ነካሁት።
ፍስስ አለ ጎማው፣
ሥራ እንደ ታከተው።
ከሠላሳ አምስት ወርዶ አሥራ ስምንት ሲደርስ፣
ጎኑ ረገበና ሆዱ መሬት ሲልስ፣
እሱ መስኮት ከፍቶ ድምፁን ያዳምጣል፤
ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ከአፍንጫው ወጥቷል፣
በጉልበቶቹ መሀል ሲሊንደር ታቅፏል።
ሃያ ሰባት ዓመት የጠጣው አቧራ
ሳንባው ውስጥ ጎጆውን ያለ ኪራይ ሠራ።
«የተነፈሰ ነው ቋጥኙን የሚይዘው፤
የተነፋውንማ ገደል ነው የሚያግዘው»
አለና መስኮቱን ዘጋ።

ጂፗ ከእኔ ትበልጣለች፤ በሯ በሽቦ ነው የሚዘጋ።
ማርሿን ዝቅ አድርጌ
በአራት እግሯ ስትድህ ሸለቆው ላይ ነጋ።
የሰሜን ኒው ሜክሲኮ መስከረም ብርድ አለው፤
አስፐኑ ቢጫ ለብሶ፣ ነፋስ ሳይነካው
ገና ይንቀጠቀጣል፣ ዕዳ እንዳለበት ሰው።

ከካምፑ ሜዳ ላይ አዳዲስ መኪኖች፣
ጭቃ ያልቀመሱ መስታወት ጎኖች፤
ከዴንቨር የመጣ አንድ ጢሙን ያበጠረ ወጣት
ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ካርታ እየለመነ፣
«ወደ ላይ መንገድ አለ?»
ኤሊሴዮ ሳለ።
ስቆ ነበር መሰለኝ። «ነበረ፣ ልጄ» አለ።

ወንዙን ተሻገርን፤ ውሃው በሩን አንኳኳ፣
ወለሉ ላይ ገብቶ ጫማችንን ለካ።
ከዚያ ደረጃው መጣ፣ ያ ባለ ሦስት እርከን ቋጥኝ።
«ቀስ» ይላል። «ቀስ። አሁን። ነዳጅ ስጪ። ቀስ።»
መሪው እጄን ሲመታ፣ ከሥሬ ብረት ሲፋቅ፣
እሱ ዓይኑን ጨፍኖ
እያንዳንዱን ድንጋይ በወገቡ ሲያውቅ፣
ወጣን።

አራተኛው ማይል ላይ ብረት መዝጊያ ቆሟል፤
«ከዚህ ወዲያ ለመኪና ዝግ ነው» ይላል።
ከብረቱ ወዲያ መንገዱ አለ፣ የለም፦
የጎማ ፈለግ ላይ ሳር፣ መሀሉ ላይ
ጉልበቴን ያላለፈ ጥድ፣ ሌላም፣ ሌላም።
በግራ በኩል ግን መዞሪያ ተረግጧል፣
የብዙ ሰው ጎማ ሰሌዳውን ንቋል።
«እንዙር፣ አጎቴ» አልሁ፣ «ሁሉም ሰው ይዞራል፤
ሐይቁን ሳታየውማ...»
አልጨረስሁም።

«ይህን መንገድ፣ ኒዬቬስ፣ የቀደድሁት እኔ፤
ለግንድ ጫኝ መኪና፣ ለሰው ትርፍ፣ በወኔ።
ተራራው ጮኾ እንደሁ ምኑን ሰምቼ ያኔ፣
ሞተር ነበር ጆሮዬ፣ ደመወዝ ነበር ዓይኔ።
‹ይስፋ› አሉኝ አለቆች፤ ይሰፋ ዘንድ ቀደድሁ።
እነሆ ዛሬም ይሰፋል፣ እኔ ግን ቦዘንሁ፦
ሰፊው ጥዱ ሆኗል፣ መርፌ ሞልቷል በእጁ፤
ክሩን ሳይጨርስ ጎማ አታድርሺ ከደጁ።»

ወርዶ በእግሩ ገባ።
ባለ ጎማው ሲሊንደር እንደ ቡችላ ተከተለው።
አርባ እርምጃ ቆጠርሁ። ድሮ ራሱ የቀበረው
የውሃ መውረጃ ቱቦ ላይ ተቀመጠ።
ሰማያዊ ወፍ መጣች፣ ከእጁ ብስኩት ነጠቀች፤
በስፓኒሽ ሰደባት፣ ሌላ ቆረሰላት።
ከዚያ ረጅም፣ በጣም ረጅም ተነፈሰ።
ቃሉ ነው ያስደነገጠኝ።
ሮጥሁ።
«ምን ያስሮጥሻል?» አለኝ፣ «ጎማ መሰልሁሽ እንዴ?»

ሲመሽ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ጎማ እሞላ ጀመር፤
እሱ ወንበሩ ላይ አፉን ከፍቶ ነበር፣ ተኝቶ።
ሦስቱ ደህና ሞሉ።
የአራተኛው ቫልቭ ግን በቀጭኑ ያፈሳል።
ፓምፑን አጠፋሁና ጆሮዬን አቀናሁ፦
አንዱ ይተነፍሳል።
የትኛው እንደሆነ ለመለየት
ጨለማው እስኪወፍር ተንበርክኬ ቆየሁ።